ኑዛዜ ለካሜራ አይነገርም

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ቪዲዮ አለ። አንዲት ወጣት ጠበል ተጠምቃ፣ ነጠላዋ ገላዋ ላይ ተጣብቆ፣ ጸጉሯ ፊቷን ሸፍኖት፣ የሠራችውን ሁሉ እየጮኸች ትናገራለች። ከማን ጋር እንደሄደች፣ ከማን ቤት ምን እንደወሰደች፣ እናቷን ምን ብላ እንዳታለለች። መስቀል የያዘ ሰው ከፊቷ ቆሟል፤ ከመስቀሉ ቀድሞ ወደ ፊቷ የተጠጋው ግን ስልክ ነው። ነጠላዋ ከትከሻዋ ሲንሸራተት ቀራጩ ይበልጥ ቀረበ እንጂ ሊያለብሳት እጁን አልዘረጋም። መጨረሻ ላይ ተመልካቹ ላይክና ሼር እንዲያደርግ ይጠየቃል።

ይህች ልጅ ወደ ሰፈሯ ትመለሳለች። ባለሱቁ አይቷታል። አብረዋት የሚሠሩት አይተዋታል። ነገ ሊያጯት የሚመጡት ሽማግሌዎችም ያዩዋታል። እግዚአብሔር ይቅር ያላትን ሰው ስልክ ይዞ የቆመ አንድ ጎረምሳ ኃጢአቷን ዕድሜ ልኳን እንዳትረሳው አደረጋት።

ይህ ዓምድ ከጠበል ቦታ ካሜራ ጋር ያለውን ጠብ የቆዩ አንባቢዎቹ ያውቁታል፤ ጠቡ አልበረደም። የቀራጮቹ ምላሽም ያው የድሮው ነው፦ ለትምህርት ነው፤ ሰው አይቶ ይመለስበታል፤ የቅዱሳንስ ኃጢአት በስንክሳር ይነበብ የለ?

ይነበባል። እንግዲያው እስከ መጨረሻው ይነበብ።

ሚያዝያ 6 ቀን የምትታሰበው ማርያም ግብጻዊት በእስክንድርያ 17 ዓመት በዝሙት ኖራለች። ለመስቀሉ በዓል ከሚጓዙ ሰዎች ጋር በመርከብ ኢየሩሳሌም ወረደች። ሕዝቡ ወደ ጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እሷን አንድ የማይታይ ኃይል ከበሩ መለሳት። ደጋግማ ሞከረች፤ አልሆነም። በእመቤታችን ሥዕል ፊት አልቅሳ ከተሳለች በኋላ ገባች፤ ከዚያም ዮርዳኖስን ተሻግራ 47 ዓመት በበረሃ ኖረች። መነኩሴው አባ ዞሲማስ ባገኟት ጊዜ ልብሷ ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ገና ከሩቅ ሳሉ መጎናጸፊያቸውን እንዲጥሉላት ለመነቻቸው፤ እሳቸውም ፊታቸውን አዙረው ወረወሩላት። ሕይወቷን መናገር የጀመረችው ከለበሰች በኋላ ነው። ስትጨርስም እግዚአብሔር ከዚህ ዓለም እስኪወስዳት ድረስ ለማንም እንዳይነግሩ አደራ አለቻቸው። ሽማግሌው አደራውን ጠበቁ። በዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ወደ ዮርዳኖስ ዳር መጥተው አቆረቧት፤ ሌላ ዓመት ቆይተው ሲመለሱ ዐርፋ አገኟትና ቀበሯት። ታሪኳን ለገዳማቸው መነኮሳት ያወሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቀራጮቹ ይህን ታሪክ ሲጠቅሱ ኃጢአቷን እንጂ የአባ ዞሲማስን መጎናጸፊያ አያነሱም።

በግብፅ በረሃ አባቶች ዘንድ አንድ ሌላ ታሪክም አለ። አንድ መነኩሴ ሴት ወደ በዓቱ ያስገባል ተብሎ ይወራበታል። ሰዎች ይዘው ሊያጋልጡት ተሰብስበው ሲመጡ ኤጲስ ቆጶሱ አባ አሞናስ አብረዋቸው ሆኑ። መነኩሴው ደንግጦ ሴቲቱን በትልቅ በርሚል ውስጥ ደበቃት። አባ አሞናስ ሲገቡ ነገሩ ገባቸው፤ ሄደው በርሚሉ ላይ ቁጭ አሉና ቤቱ እንዲፈተሽ አዘዙ። ተፈተሸ፣ ምንም አልተገኘም። እሳቸው የተቀመጡበትን ማን ደፍሮ ይነካል? ከሳሾቹን በሐሜታቸው ገሥጸው አስወጡ። ከዚያ የመነኩሴውን እጅ ይዘው ለራሱ እንዲጠነቀቅ ብቻ ነገሩትና ወጡ። ኃጢአቱን ኃጢአት አይደለም አላሉትም። በሰው ፊት ከማዋረድ ግን አዳኑት። በዘመኑ ስልክ ቢኖር ኖሮ በርሚሉን ከፍቶ የሚቀርጽ መቼም አይጠፋም ነበር።

ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊምም ከዚያው በረሃ ነው። ሽፍታ ነበር፣ ነፍስ አጥፍቷል፤ በኋላ በአስቄጥስ በረሃ የመነኮሳት አባት ሆነ። በአንድ ወንድም ጥፋት ላይ ለመፍረድ ሲጠሩት የሚያፈስ እንስራ ውኃ ተሸክሞ መጣ። ምን ነው ቢሉት፣ የእሱም ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እሱ ሳያየው በሌላው ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። ወንድማቸውን ማሩት። በራሱ ኃጢአት ያፈረና ይቅርታን የቀመሰ ሰው ሌላውን እንዲህ ይሸፍናል።

ስለ ካሜራው ይህ ይበቃል። ከካሜራው የሚብሰው ጣጣ ካሜራ በሌለበትም አለ።

እሑድ ጠዋት የአዲስ አበባን አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ማየት ነው። ነጭ የለበሰው ሕዝብ ከግቢው አልፎ አስፋልቱን ይሞላል። ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ግን የሚሰለፈው ማነው? ሕፃናት በእናቶቻቸው እቅፍ፣ አዛውንት በምርኩዛቸው፣ አልፎ አልፎ በተክሊል የተጋቡ ሙሽሮች። የመሐከለኛው ዕድሜ የለም። ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት፣ ሠላሳና አርባ ውስጥ ያለው ጎልማሳ፣ ከአጥሩ ውጭ ጫማውን አውልቆ፣ ግንባሩን ከግንቡ አስደግፎ ቆሟል። በሩን ይሳለማል፣ አይገባም። እምነት አንሶት አይደለም፤ እምነት ያነሰው ሰው ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ አጥር ስር አይቆምም። አፍሮ ነው። ሳረጅ እመለሳለሁ ብሎ ለራሱ ቀጠሮ ሰጥቷል።

የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ይህ ሕዝብ 78 ነፍስ የበላውን በላዔ ሰብእን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሥሎ የሚያይ ሕዝብ ነው። በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም ባጠጣት ጥርኝ ውኃ እንደተማረ የካቲት 16 በመጣ ቁጥር ይሰማል። በላዔ ሰብእ ተማረ ብሎ እልል ያለው ጎልማሳ የራሱ ጥፋት ሲሆን ይቅርታው የማይደርስበት ይመስለዋል። ለዚህ ጥፋተኛው እሱ ብቻ አይደለም። በዐውደ ምሕረት ቆሞ ኃጢአተኛን በማሳፈር የሚያገሣ ሰባኪም አለበት፤ ለንስሐ ልጁ ጊዜ የሌለው፣ በዓመት አንዴ ጠበል ረጭቶ የሚወጣ ካህንም አለበት።

ቤተ ክርስቲያኒቱ መንገዱን አጥታው አይደለም። የስቅለት ዕለት ማታ ላይ ያለውን ጥብጠባ ያየ ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ የዋለ ሕዝብ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ጉልበቱ አፈር ለብሶ ተራ ይይዛል። ካህኑ የወይራ ቅጠል ይዘዋል። ሰውየው ጠጋ ብሎ የበደለውን በጆሯቸው ይናገራል፤ ጀርባውን በቅጠሉ መታ መታ ያደርጉትና ተጨማሪ ስግደት ያዙለታል። ባለሥልጣኑም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ተማሪዋም እዚያው ወርደው ይሰግዳሉ። አጠገቡ ያለው 40 ታዘዘለት ወይስ 100 ብሎ የሚቆጥር የለም። ሁሉም በአንድ ግቢ፣ የእያንዳንዱ ምስጢር ግን በአንድ ጆሮ ብቻ።

ለዚህ ዓምድ ጸሐፊ አንድ በከተማው የሚያገለግሉ አረጋዊ ቄስ እንዳጫወቱት፣ ወደ እሳቸው ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ የሚጀምሩት «አባ፣ አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አድርጎ ነበር» ብለው ነው። እሳቸውም ማነው ብለው አይጠይቁም። የጓደኛውን ታሪክ እስከ መጨረሻው ይሰማሉ፤ ለጓደኛው ጾሙንና ስግደቱን ይነግሩታል፤ ፊት ለፊታቸው ላለው ልጅ ደግሞ መስቀል አሳልመው «ሳምንት ተመለስና እንዴት እንደሆነ ንገረኝ» ይሉታል። አብዛኞቹ ይመለሳሉ አሉ። ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ጓደኛቸውን ትተው ስለ ራሳቸው ያወራሉ፤ ያኔ ቀኖናው ካለቀ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ለቁርባን ቀን ይቆርጡላቸዋል።