ስሙስ የኖድ ይሁን፤ ቁጥሩስ?

ሁለት የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ሊዋሃዱ ሲነሱ ጭቅጭቁ ሁሉ ስም ላይ ይከማቻል። የማን ስም ይቅር? የማን ይጥፋ? ወይስ አዲስ ይውጣ? እኔ ግን ከስሙ በላይ የስሪት ቁጥሩና የመልቀቂያ ቀኑ የውህደቱን ዕድል ይወስናሉ ባይ ነኝ። ለዚህ ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬዱት ኖድ ጄኤስና ከእሱ የተገነጠለው አይኦ ጄኤስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያደረጉትን ማየት ይበቃል።

የተለያዩት በመዘግየት ነው። ኖድን በ2009 ራያን ዳል ፈጠረው፤ የንግድ ምልክቱን ግን ጆየንት የተባለ ኩባንያ ይዞት ነበር። ስሪት 0.10 በማርች 2013 ወጣ፤ ቀጣዩ 0.12 እስከ ፌብሩዋሪ 2015 አልመጣም። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም! ትዕግሥታቸው ያለቀ ዋና ዋና ፕሮግራመሮች በ2014 መጨረሻ ኮዱን ገልብጠው በራሳቸው መንገድ ሄዱ። የእነሱ አይኦ ጄኤስ 1.0 በጃንዋሪ 2015 ወጣ፤ ኦገስት ላይ 3.0 ደረሰ።

ዕርቁ የወረደው አስተዳደሩ ከአንድ ኩባንያ እጅ ወጥቶ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ወደ ተቋቋመው የኖድ ጄኤስ ፋውንዴሽን ሲሻገር ነው። ስሙ ኖድ ሆኖ ቀረ፤ ይህም ተገቢ ነበር። መጽሐፉ፣ የሥልጠናው ሰነድ፣ የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ኖድ ይላልና። ሥራውን በፍጥነት ያራመዱት ተገንጣዮች ስማቸውን መተዋቸው ቀላል ነገር አልነበረም፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ቁጥሩ ላይ ግን ነባሩ ቤት ለተገንጣዩ ጎንበስ አለ። በሴፕቴምበር 8 ቀን 2015 የወጣው የጋራ ስሪት 4.0 ተባለ። ኖድ 1፣ 2፣ 3 የሚባሉ ስሪቶች ኖረው አያውቁም። ብዙ ሰው ይህን እንደ መዝለል አይቶት ግራ ተጋብቷል፤ እኔ የውህደቱ ምርጥ ውሳኔ እለዋለሁ። 1.0 ቢባል ኖሮ አይኦ ጄኤስ 3ን የሚጠቀም ሰው ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለው ነበር። ላይብረሪዎችም የሚሠሩበትን ስሪት በቁጥር ስለሚያስታውቁ፣ አንድ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ነበር።

ቀኑም አብሮ ተቆረጠ። ኦክቶበር ላይ ስሪት 4 የረጅም ጊዜ ድጋፍ ውስጥ ገባ፦ 18 ወር ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያ 12 ወር ጥገና፣ መጨረሻው ኤፕሪል 2018። ዋና ቁጥራቸው ተጋማሽ የሆነ ስሪቶች ብቻ ይህን ድጋፍ እንዲያገኙም ተወሰነ።

ሌሎቹ ተዋሃጆች፣ በሩቢ ቋንቋ የተሠሩት የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፎች ሬይልስና መርብ፣ ይህን ያህል አልታደሉም። መርብ 1.0 በኖቬምበር 2008 በወጣ በወሩ ውህደቱ ታወጀ፤ ፍሬው ሬይልስ 3.0 ግን የወጣው በኦገስት 2010 ነው። ስሙ በአንድ ቀን ተወሰነ፤ መርብን አምኖ ሥራውን ገና የጀመረ ሰው ግን ሃያ ወር ጠበቀ።

ስለዚህ ውህደት የሚያውጁ ሁሉ በዚያው ዕለት ሁለት ቀን እንዲያስታውቁ እጠይቃለሁ፦ አዲሱ የሚወጣበትንና የአሮጌው ድጋፍ የሚያበቃበትን። ኖድ 0.10 እስከ ኦክቶበር 2016፣ 0.12 ደግሞ እስከዚያው ዓመት መጨረሻ የደኅንነት ጥገና ሲያገኙ ቆይተዋል፤ ሰርቨሩን በአንድ ሌሊት መቀየር የማይችል ሰው ሥራውን ያቀደው በእነዚያ ቀኖች ነው።