ወረቀቱን ሳታሳዪን ዶላሩን አትላኪ

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ እንግሊዝ አገር የባለሙያ ሠራተኛ ቪዛ ልጽፍላችሁ ነው። ባለፈው እሑድ ስብሰባችን ላይ አንዲት እህታችን ስልኳን አውጥታ የቅጥር ወረቀት አሳየችን። በአረጋውያን መጦሪያ «ሥራ አስኪያጅ» ተብላ ተቀጥራለች። ሰኞ ጠዋት 3,000 ዶላር ከላከች ቪዛው በሁለት ወር ይደርሳል ብለዋታል። «ሥራሽ ምንድን ነው አሉሽ?» ብላት፣ «ሽማግሌዎች ማጠብ፣ ማብላት፣ ያው እዚህ የምሠራውን ነው» አለችኝ።

እኔ አልሳቅሁባትም። በ2023 እኔም ለደላላ 1,200 ዶላር ከፍዬ ባዶ እጄን ቀርቻለሁ። እዚህ ቤይሩት ስትሮክ የመታቻትን ቴታ ስድስት ዓመት አስታምሜያለሁ። ኢንሱሊን ወግቻታለሁ፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል ሌሊት እየተነሳሁ አገላብጫታለሁ። ኢቃማዬ ላይ ያለው ግን «የቤት ሠራተኛ» የሚል ብቻ ነው። ደላላው «አንቺ እኮ ባለሙያ ነሽ» ሲለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ዕንባዬ መጣ። ስንት ዓመት ያ ቃል ናፍቆኝ ነበር። ለቪዛው ብቻ ሳይሆን ለዚያች ቃልም ነው የከፈልኩት።

አገር ቤት ባለሙያ ሴት ሲባል ወጥ የምታውቅ፣ ቤት የምትይዝ ማለት ነው። በእንግሊዝ የቪዛ ሕግ ግን ቃሉ ሌላ ነገር ነው። ከሁሉ በፊት የሚመዘነው የአንቺ ጉብዝና ሳይሆን ሥራው ነው። እያንዳንዱ ሥራ አራት አኃዝ ያለው ኮድ አለው። ኮዱ የሥራውን ዝርዝርና ደረጃ ይናገራል። አሠሪው ይህን ኮድ የስፖንሰርነት ሰርተፊኬት ላይ ይሞላል፤ ቪዛ ሰጪው ደግሞ በየቀኑ የምትሠሪው ነገር ከኮዱ ጋር ይገጥማል ወይ፣ ሥራው በእርግጥ አለ ወይ፣ ደመወዙስ ይበቃል ወይ ብሎ ያያል። «ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ ተጽፎ ሥራው ማጠብና ማብላት ከሆነ ወረቀቱ ውሸት ነው። አታለሻል ከተባልሽ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ድረስ የምታስገቢው ማመልከቻ ሊከለከል ይችላል። ያኔ ደላላው ስልኩን ዘግቷል፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው።

«ለምን ታዲያ በቀጥታ አስታማሚ ብለው አይጽፉም?» ትሉ ይሆናል። ምክንያቱም በሩ ስለተዘጋ ነው። ከየካቲት 2022 ጀምሮ አስታማሚዎች በዚህ ቪዛ ይገቡ ነበር፤ ብዙ ሰው ሄዷል። ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ግን ከውጭ አገር አዲስ አስታማሚ መቅጠር ቆሟል። በዚያው ቀን የቪዛው ደረጃ ከፍ ብሎ፣ አብዛኛው ሥራ የዲግሪ ደረጃ ያለው እንዲሆን ተደርጓል። ስለዚህ ደላላው የተዘጋውን ሥራ ስሙን ቀይሮ ነው የሚሸጥልን።

ከማዳም ጋር ለንደን የምንሄድበት የቤት ሠራተኛ ቪዛም ከዚህ ጋር አይገናኝም። እሱ 6 ወር ነው፣ አይራዘምም፣ እዚያ ሆነሽ ወደ ባለሙያ ቪዛ መቀየርም አይቻልም።

ወረቀት ከመጣልሽ እንዲህ አድርጊ። ፈቃድ ያላቸው ቀጣሪዎች ዝርዝር በእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ስሙ ከሌለ በቃ፣ እዚያው ተዪው። ስሙ ቢኖርም አትመኚ፤ የእውነተኛ ድርጅት ስም የሚሰርቁ አሉና አድራሻውን ራስሽ ፈልገሽ ጠይቂ። የስፖንሰርነት ሰርተፊኬቱን ክፍያ የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ሠራተኛዋን ማስከፈል ክልክል ነው። የቪዛ ማመልከቻ ክፍያም በቀጥታ ለመንግሥት ነው የሚከፈለው።

በመካከላችን አገር ቤት በነርስነት ተመርቀው እዚህ ወለል የሚወለውሉ እህቶች አሉ። የነርስ ሥራ ዛሬም ከተፈቀዱት ውስጥ ነው። የሚጠየቀው ማስረጃ ግን የማዳም ደብዳቤ ሳይሆን የትምህርት ማስረጃ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና እና የእንግሊዝ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት የሙያ ፈተናና ምዝገባ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፣ ወጪም አለው። ግን እውነተኛ መንገድ ነው፤ የምትፈልጉ ካላችሁ አብረን እናጥና።

ለሌሎቻችንስ? ሥራችንን እንመዝግብ። ከመቼ እስከ መቼ ማንን እንዳስታመምሽ፣ ምን መድኃኒት እንደሰጠሽ፣ ምን እንደተማርሽ በደብተር ጻፊ። ማዳም ፈቃደኛ ከሆነች ቀንና ፊርማ ያለው ደብዳቤ አስጽፊ። ያልሠራሽውን አትጨምሪ፣ የሠራሽውንም አትቀንሺ። ሌላ አገር ሌላ በር ሲከፍት ማስረጃ ያላት ትቀድማለች። በሩ ባይከፈትም የሠራነው ሙያ ነው፤ ይህን ለማወቅ ለማንም ዶላር መክፈል የለብንም።

የዚያች እህታችንን ቀጣሪ ዝርዝሩ ላይ ፈለግነው፤ የለም። አለቀሰች። ሰኞ ግን 3,000 ዶላሩ አብሯት ዋለ። እናንተም ወረቀት ሲመጣላችሁ ሳታፍሩ እሑድ ይዛችሁት ኑ። እኔ ያፈርኩት 1,200 ዶላር አስከፍሎኛል።