ድሩ ከፋብሪካ፣ ማጉ ከእኛ

 

ከካምፓሳችን በር ፊት ለፊት ባለችው ኮፒ ቤት የምትሠራ አንዲት እህት አለች። እኔ ፍሬሽ ሆኜ ስመጣ ከዐስር ሶላት በኋላ ወረፋ ነበር። ተማሪው በእጁ የጻፈውን አሳይመንት ይዞ ይመጣል፤ እሷ ትተይባለች፣ የተሳሳተውን ፊደል ታርማለች። የመመረቂያ ጥናት ወቅት ሲደርስማ ረዳት ቀጥራ እስከ ዒሻ ትሠራ ነበር። ባለፈው ሳምንት ገብቼ "ሥራ እንዴት ነው?" አልኳት። "አልሐምዱሊላህ፣ ፕሪንት አለ። የሚተየብ ግን የለም። ሁሉም አልቆ በቴሌግራም ነው የሚላከው" አለችኝ። ፈገግ ብላም "ከአንድ ክፍል አራት ልጆች የላኩልኝ ጽሑፍ አንድ ነው፤ የሚለየው ስማቸው ብቻ ነው" ብላ ጨመረች።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራን ይለውጣል ሲባል የሩቅ አገር ወሬ ይመስለናል። እኔ ግን ለውጡን በዚያች ኮፒ ቤት ሁለት ጊዜ አየሁት። አንደኛው የእሷ ሥራ ነው፤ ረዳቷ ዛሬ የለችም። ሁለተኛው የአራቱ ልጆች ነገር ነው፤ ዛሬ የምጽፈውም ስለ እነሱ፣ ማለትም ስለ እኛ ነው።

የዓለም የገንዘብ ድርጅት በጥር 2016 ባወጣው ጥናት በዓለም ካለው ሥራ 40 በመቶ ያህሉ በዚህ ቴክኖሎጂ ሊነካ እንደሚችል ገምቷል። በበለጸጉት አገሮች 60 በመቶ፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 26 በመቶ። ይህን ያየ ሰው "እኛን ብዙም አይነካንም" ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ቻትጂፒቲ ጉና ሥር ድንች አይቆፍርም፤ ስማዳ ቆላ ወርዶ ማሽላ አያጭድም። ግን አብዛኛው ሕዝብ ገበሬ በሆነበት አገር የሚነካው ሥራ የማን ነው? ደብዳቤ የሚያረቅቀው፣ ሪፖርት የሚያጠናቅረው፣ የሚተረጉመው፣ መዝገብ የሚሞላው፣ ለደንበኛ መልስ የሚሰጠው ሰው ነው። አዲስ ተመራቂ ሥራ የሚጀምረው ከነዚህ ነው። ሦስት ጀማሪ ይቀጥር የነበረ ቢሮ አንድ ጎበዝ ከአንድ ማሽን ጋር ከበቃው፣ ሁለቱ የት ይሄዳሉ?

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት ከታቀፉ ወረዳዎች መካከል ናቸው። ከዚያ ቤት አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የቤተሰቡ ተስፋ አብሮት ይገባል። በግ የተሸጠለት፣ ታናሽ እህቱ ትምህርቷን ያቆየችለት ልጅ በመካከላችን አለ። የሚነካው ሥራ ያ ልጅ ሊይዘው የመጣው ሥራ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ የፋሽን ጉዳይ አይደለም፤ የሪዝቅ ጉዳይ ነው።

አያቴ እስቴ ውስጥ ሸማኔ ነበሩ። በጎንደር አካባቢ ሙስሊሙ ርስት ስለማይፈቀድለት ለብዙ ዘመን በሽመናና በንግድ ይኖር እንደነበር ታውቃላችሁ። መሬት ላራሹ የታወጀው በ1967 ነው። ከዚያ በፊት የአባቶቻችን ርስት እጃቸው ነበር። ያ እጅም ከማሽን ጋር ተገናኝቶ ያውቃል። ድሮ ድሩም ማጉም በእናቶች እንዝርት ይፈተል ነበር። ኋላ የፋብሪካ ድር መጣ፤ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይበጠስም፣ ጊዜም ይቆጥባል። ሸማኔው አልተጣላውም፤ ድሩን ከገበያ ገዛ። ማጉን ግን ከቤት አላስወጣም። አያቴ ይሉ የነበረው ሸማውን ሸማ የሚያደርገው ማጉ ነው፣ ገዢው በእጁ ዳሶ የሚከፍለው ለእሱ ነው የሚል ነበር።

ታሪኩን ግን አናሳምረው። ድር እየፈተሉ ይሸጡ የነበሩ እናቶች ገቢያቸው ቀርቷል። ያንን የተካላቸው ሰው አልነበረም። የኮፒ ቤቷ ረዳትም ዛሬ እንደነሱ ናት። ቴክኖሎጂ በመጣ ቁጥር የሚጎዳ ሰው አለ፤ የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ ድምፅ የሌለው ነው።

አሁን ወደ አራቱ ልጆች ልመለስ። እነሱ ድሩን ብቻ አልወሰዱም፤ ማጉንም፣ ሽመናውንም ለማሽኑ ሰጥተው ስማቸውን ብቻ ጻፉበት። ይህ ሁለት ኪሳራ አለው። የመጀመሪያው የአማና ነው። ያልሠራሁትን "የኔ ነው" ብዬ ማስረከብ ማጭበርበር ነው፤ ማሽን ስለሠራው ስሙ አይለወጥም። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ተምረናል። በዚህ ዲግሪ ነገ ደመወዝ ልንበላ ነው፤ የደመወዙ ሐላልነት የሚጀምረው ከአሳይመንቱ ነው።

ሁለተኛው ኪሳራ የዱንያ ነው። ማሽኑ የጻፈውን ብቻ የማቀርብ ከሆነ ቀጣሪው እኔን ምን ያደርግልኛል? ማሽኑን ራሱ ይጠይቀዋል። በገዛ እጃችን ራሳችንን ትርፍ ሰው እያደረግን ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ጦርነቱና የትምህርት መቋረጡ ድርሻ እንዳላቸው አልክድም። ነገር ግን ኩረጃ ለዓመታት ምን ሸፍኖ እንደነበር ያን ቀን አይተናል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስልክ አይገባም።

"ካልኩሌተርም ሲመጣ እንዲሁ ተብሎ ነበር" የሚል ወንድም አለ። ልክ ነው፤ ካልኩሌተር የሚጠቅመው ግን መልሱ ሲሳሳት የሚያውቅን ሰው ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሌለ መጽሐፍ ጠቅሶ፣ የሌለ ቁጥር ፈጥሮ፣ በልበ ሙሉነት ይናገራል። ዲኑን በተመለከተማ ከዚህ የባሰ ነው፤ ያልተነገረ ሐዲስ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠግቶ ሊሰጠን ይችላል። የማያውቅ ሰው እንዴት ያርመዋል?

በሌላ በኩል "አልጎሪዝም የሚለው ቃል የመጣው ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው" እያልን መኩራራት እንወዳለን። እውነት ነው፤ በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የሠራ ሊቅ ነው። ነገር ግን እሱ የሌላ አገር ሰዎችን ቁጥር አጥንቶ፣ አብራርቶ፣ የራሱን ጨምሮ ነው ያስተላለፈው። በስሙ መኩራትና አሳይመንት መገልበጥ አብረው አይሄዱም።

ሌላም ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ማሽን "ያለ ሰው የሚሠራ" አይደለም። ታይም መጽሔት በጥር 2015 እንደዘገበው ለቻትጂፒቲ አስነዋሪ ጽሑፎችን እያነበቡ የሚለዩ ኬንያውያን በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ይከፈላቸው ነበር። ናይሮቢ ውስጥ የፌስቡክን ይዘት ሲቆጣጠሩ የነበሩ 184 ሠራተኞችም በ2015 ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ በዚያ ማዕከል በአማርኛ የተጻፈውን የሚያነቡ የአገራችን ልጆች ነበሩ። የሠራተኛን ዋጋ በጊዜው መስጠት በዲናችን ትልቅ ነገር ነው። ነገ ከእኛ አንዱ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲያገኝ ውሉን አንብቦ፣ ዋጋውን አውቆ ይግባ።

ታዲያ ምን እናድርግ? አትጠቀሙ አልልም። ይህን የሚል ሰው የፋብሪካ ድር አትንኩ እንዳለ ሸማኔ ነው። ለጀመዓችን ሦስት ሐሳብ አለኝ።

አንደኛ፣ መጀመሪያ ራሳችን እንጻፍ፤ ከዚያ ማሽኑን "ስህተቴን አሳየኝ" እንበለው። ሲኒየሮች በሳምንት አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ፍሬሾችን ይዘው ይህን ቢያለማምዱ ቀላል ነው።

ሁለተኛ፣ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነፃ ነው። በቡድን እንመዝገብ፤ ኢንተርኔት ያለው ለሌለው ያውርድለት። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር አንረሳም። ያኔ ዕውቀቱን በስልኩ ያስቀመጠ ባዶ እጁን ቀረ፤ በጭንቅላቱ የያዘ ግን አልቀረም።

ሦስተኛ፣ ማሽኑ የማያውቀውን እንወቅ። ማሽን የእስቴን ገበሬ አነጋገር ከየት ያውቃል? የድንች ቅጠል ፎቶ አይቶ በሽታውን የሚናገር መተግበሪያ ሊኖር ይችላል፤ ለአርብ ገበያ ገበሬ በሚገባው ቋንቋ ነግሮ፣ እርሻው ድረስ ሄዶ፣ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ግን ሰው ነው። ግብርና፣ ጤና፣ ሒሳብ የምትማሩ ልጆች ክረምት ላይ አገር ቤት ስትገቡ ይህን ሞክሩ። ማጉ ያለው እዚያ ነው።

ለኮፒ ቤቷ እህታችንም አንድ ነገር እንችላለን። በአማርኛ የወጣ የማሽን ጽሑፍ ስህተት ሊኖርበት ይችላል። እሷ ደግሞ ለዓመታት የተማሪን ጽሑፍ ስታርም የኖረች ናት። ማመልከቻና ሲቪ ስናዘጋጅ ፕሪንት ብቻ አናስደርጋት፤ እንድታርምልን ሰጥተን ለእርማቱ እንክፈላት።

አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ ዕውቀትና ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን።