ጤና አዳም ለማንና በምን ያህል?

በደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤትም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ጤና አዳም በየጓሮው የታወቀ ተክል ነው። ቅጠሉ በቡና ላይ ጣል ይደረጋል፤ ፍሬው በርበሬ ውስጥ ይገባል። ሆድ ሲቆርጥ፣ መንፈስ ሲታወክም «ያረጋጋል» ተብሎ ይጠጣል።

እህቶች፣ ከሥራ ደክማችሁ ስትገቡ አንዲት ዘለላ በሲኒያችሁ ብታደርጉ ክፋት የለውም። ተጨምቆ ወይም ፈልቶ በብዛት ሲጠጣ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ማሕፀንን ያኮማትራል፤ ጽንስ ሊያስወርድ፣ የእናቲቱንም ጉበትና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት ጨርሶ ብትተወው ይበጃል።

ለሕፃን ቁርጠት ጨምቆ ማጠጣትም የቆየ ልማድ ነው። ሕፃን ግን 6 ወር እስኪሞላው ከጡት ወተት በቀር ውሃ እንኳ አያሻውም። ሲያለቅስ ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ አስገሱት፤ ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በክኒንና በጠብታ ታሽገው የሚሸጡትን «አረጋጊ» ዕፀዋትም በዚሁ ዓይን ተመልከቱ። በአንዲት ክኒን የብዙ ቅጠል ኃይል ሊታመቅ፣ ከምትወስዱት ሌላ መድኃኒት ጋርም ሊጋጭ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቁ። የጓሮ ቅጠልም ቢሆን፣ መድኃኒት ከተባለ መጠን አለው።