«ኦርጂናሉ አይነካ» የሚሉት አጉል እምነት

ከመኪና ደላሎች አፍ የማትጠፋው «የፋብሪካውን ቴፕ ያስቀየረ መኪናውን አረከሰ» የምትል ፍርድ ውላ አድራ ሕግ መስላ ባለመኪናውን ሁሉ አስጎንብሳዋለች። ይሁንና «ኦርጂናል» እየተባለ የሚከበረው ዕቃ ለየትኛው አገር ተብሎ እንደ ተሠራ የሚጠይቅ ደላላ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ተሠርተው፣ አገልግለው የመጡ መኪኖች ቴፕ፣ በተለይም የቆየው፣ የሚቀበለው የኤፍኤም ሞገድ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ ሜጋኸርዝ ሞገዱ በሰከንድ ስንት ሚሊዮን ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካበት መስፈሪያ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ድርሻ ከ87.5 እስከ 108 ያለው ነው። ስለዚህ ከድሬዳዋ የገጠር ክላስተሮች አንዱ በሆነው በዋሂል የሚመላለስ ሾፌር፣ የድሬዳዋው ኤፍኤም 106.1 ሞገድ ከደጁ ቢደርስለት እንኳ፣ በዚያ «ክቡር» ቴፕ አንዲት ቃል አይሰማም፤ አዲስ አበባ ቢሄድም ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 አይገኙለትም። መኪናው ዋጋውን የሚጠብቀው ጆሮውን ደፍኖ ነው ማለት ነው።

የዚህ እምነት ደቀ መዛሙርት ኮንቨርተር ይዘው ብቅ ይላሉ፤ ይህም በአንቴናው ሽቦ መሐል ገብቶ የጣቢያዎቹን ሞገድ ወደ ታች የሚያወርድ ትንሽ ሳጥን ነው። የቴፑ ስፋት 14፣ የአገሩ ሞገድ ስፋት ግን 20.5 ሜጋኸርዝ መሆኑን ያሰላ ግን ከመካከላቸው የለም። 12 የሚቀንሰው ኮንቨርተር 102 ላይ ስለሚያበቃ ሸገርን በአንድ አሥረኛ፣ ድሬዳዋን በ4.1 ሜጋኸርዝ ያስመልጣል፤ 18 የሚቀንሰው ደግሞ 106.1ን «88.1» ብሎ እያሳየ ከ94 በታች ያለውን ይቀብራል። ሽቦ ሳይቆረጥ በልክ ሶኬት ሌላ ቴፕ መግጠምና አሮጌውን ጠቅልሎ ማስቀመጥ እየተቻለ፣ ለዋጋ ሲባል በዚህ ግማሽ መስማት መርካት ብልህነት ሊባል አይችልም።

የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከሉበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ያው አምልኮ ለቻይና ገበያ ወደ ተሠሩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ተሻግሯል። ቻይንኛ ብቻ የሚያሳየው ስክሪን ማቀዝቀዣውንና ካሜራውን ጭምር ስለሚያዝ እንደ አሮጌው ቴፕ በቀላሉ የሚነቀል አይደለም፤ ሻጩ ግን «ይለመዳል» ብሎ ያሰናብታል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ቢደነግግም፣ መኪናውን አንብቦ መንዳት የማይችል ገዢ ምን መረጃ እንደ ተሰጠው መገመት አያዳግትም።

ቴፕ ተቀይሯል ብሎ ዋጋ የሚቆርጥ ደላላ ካለ መልሱ አጭር ነው፤ አስቀድሞ በራሱ ኦርጂናል 106.1ን ከፍቶ ያሰማ።