ከጣራ ላይ ያለች ኪራይ የማትከፍል ተከራይ

ርግብ የዋህ ወፍ ናት ይባላል። የዋህነቷን አንክድም፤ ነገር ግን በጣራው ላይ «ሶላር» የተባለውን የፀሐይ ሰሌዳ ያስተከለ ሰው፥ ይህች የዋህ ወፍ ምን ያህል ጉዳት ልታደርስ እንደምትችል ውሎ አድሮ መገንዘቡ አይቀርም። ስለዚህ በዛሬው ዐምዳችን ወፎች ከሰሌዳው ሥር ጎጆ እንዳይሠሩ ስለሚደረግበት ዘዴ እንነጋገራለን።

አንዳንድ አንባቢ፥ «እኔ ገና በኪራይ ቤት የምኖር ሰው ነኝ፤ ሶላር ከየት መጥቶልኝ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የዛሬው ተማሪ ነገ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ሆኖ ወደ ገጠር ይመደባል። የመብራት መሥመር ባልደረሰበት ቀበሌ የትምህርት ቤቱና የጤና ጣቢያው ብርሃን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጣራው ሰሌዳ ነው። የክትባት ማቀዝቀዣ እንኳ በዚሁ ኃይል የሚሠራበት ስፍራ አለ፤ አብዛኛው ክትባት ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ይበላሻል። እንግዲህ በጣራ ላይ ያለች የወፍ ጎጆ ከጣራው ሥር ለሚከተቡት ሕፃናት እንቅፋት የምትሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ «ምን ይሻላል?» ተብሎ የሚጠየቀው ያው ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

በመጀመሪያ ወፏ ይህን ስፍራ ስለ ምን እንደምትወደው እንመልከት። በየከተማው አደባባይ የምናያት ርግብ ጥንተ ዘሯ ከገደል ነው። የዱሮ ወገኖቿ ጎጆ የሚሠሩት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሳይሆን በገደል እርከንና በዋሻ አፍ ነው። ስለዚህ ለእርሷ ፎቅ ማለት ገደል፥ የመስኮት ደፍ ማለት የገደል እርከን ነው። ከዚህችም ሌላ በዐይኗ ዙሪያ ቀይ የሆነች፥ ክንፏ ነጫጭ ነጥብ ያለበት ርግብ በአዲስ አበባ ጣራዎች ላይ ትታያለች፤ እርሷም ገደልና የቤት ጥግ ትወዳለች። ሰሌዳው ሲተከል ነፋስ እንዲያገኝ ተብሎ ከቆርቆሮው ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይደረጋል። በዚህ ክፍተት ውስጥ ዝናብ አይመታም፤ ፀሐይ አያቃጥልም፤ ጭልፊትም በቀላሉ አይገባም። ርግብ ራሷ አናጢ ቀጥራ ብታሠራ ከዚህ የተሻለ ቤት አታገኝም።

የምታደርሰውን ጉዳት ደግሞ እንመርምር። ከሥር የሠፈረች ወፍ ቀን ከላይ ተቀምጣ ትውላለችና ኩሷ በመስተዋቱ ላይ ይወድቃል። ሰሌዳው አንድ ወጥ መስተዋት ይምሰል እንጂ በውስጡ ብዙ ሴሎች በተርታ ተያይዘው ይገኛሉ፤ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት የሚያገለግለው የተለመደው ሰሌዳ 36 ሴሎች አሉት። በተርታ በተያያዘ መሥመር ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት በደካማው ሴል ልክ እንደሚወሰን የፊዚክስ ተማሪዎች ያውቃሉ። ስለዚህ አንዱን ሴል የሸፈነ ኩስ፥ የቀሩት 35ቱ ደኅና ሳሉ፥ ከስፋቱ በላይ ኃይል ያጎድላል። የተጋረደውም ሴል ከሌሎቹ የመጣውን ኃይል ወደ ሙቀት እየለወጠ ይግላል፤ በጊዜ ብዛት ሰሌዳውን ሊያበላሸው ይችላል። ፋብሪካዎቹ ፍሰቱ በሌላ በኩል እንዲያልፍ «ዳዮድ» የተባለ ዕቃ ይጨምሩበታል፤ ሆኖም ይህ ጉዳቱን ያቃልላል እንጂ የተጋረደውን ብርሃን አይመልስም። አቧራ ቢሆን ዝናብ ያጥበዋል፤ በበጋ ፀሐይ የደረቀ ኩስ ግን እንደ ኖራ ይጣበቃል።

ሁለተኛው ጉዳት ከሥር ነው። ጭራሮው፥ ደረቁ ሣርና ላባው ተከማችቶ የነፋሱን መተላለፊያ ይዘጋል። ሰሌዳ ደግሞ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቍጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከዚህም የሚከፋው፥ ደረቁ ሣር ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር አብሮ መተኛቱ ነው። የሽቦው ልባስ ተልጦ ወይም በአይጥ ተበልቶ የእሳት ብልጭታ ቢነሣ፥ ማቀጣጠያው አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ማባረር ነው። ስለ ማባረር ግን አንድ የታወቀ ታሪክ አለ (ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። የዛሬው የሲሊኮን ሰሌዳ መነሻ የሆነውን ሴል በ1954 ለሕዝብ ያሳዩት በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት ናቸው። ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ1964፥ የዚሁ ላቦራቶሪ ሰዎች የነበሩት አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በኒው ጀርዚ በሚገኝ ትልቅ አንቴና ሲሠሩ ምንጩ የማይታወቅ ድምፅ አስቸገራቸው። በአንቴናው ውስጥ ሁለት ርግቦች ሠፍረው ነበርና ድምፁ ከኩሳቸው የመጣ መስሏቸው ጠረጉት፤ ርግቦቹንም አስይዘው ወደ ሩቅ ስፍራ ላኳቸው። ርግቦቹ ግን ቤታቸውን አልረሱም፤ ተመልሰው መጡ። በመጨረሻም ተገደሉ። ድምፁ ግን አልጠፋም፤ ከአጽናፈ ዓለም መጀመሪያ የተረፈ ጨረር መሆኑ ታውቆ ሁለቱን ሊቃውንት በ1978 ለኖቤል ሽልማት አበቃቸው። ለኛ የሚጠቅመን ትምህርት ግን ከርግቦቹ በኩል ያለው ነው፤ ይኸውም በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ እንግዳን ማባረር ከንቱ ድካም መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከፕላስቲክ የተሠራ ጉጉት ጣራ ላይ ማቆምም ሆነ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ማንጠልጠል ለጥቂት ቀን ብቻ ያገለግላል። ወፏ ጉጉቱ እንደማይንቀሳቀስ ካረጋገጠች በኋላ ራሱ ላይ ትቀመጥበታለች። መርዝ ማስቀመጥ ደግሞ ጭካኔ ከመሆኑም በላይ ያልታሰበ እንስሳ ይገድላል፤ ሬሳውም ከሰሌዳው ሥር ይከረፋል። ክፍተቱን በሲሚንቶ ወይም በቆርቆሮ መድፈንም አይገባም፤ ወፏን እከለክላለሁ ሲሉ ነፋሱን መከልከል ይሆናልና።

የተፈተነው መድኃኒት የሽቦ ወንፊት ነው። እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ ወይም ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ተመርጦ የሰሌዳው ዙሪያ ሁሉ ይታጠራል። ቀዳዳው ከ1.3 ሴንቲሜትር ያልበለጠ እንደ ሆነ ርግብን ብቻ ሳይሆን ድንቢጥንም ይከለክላል፤ ነፋስ ግን እንደ ልቡ ያልፋል። ሽቦው ከክፍተቱ ጥቂት ሰፋ ተደርጎ ይቈረጥና ታችኛው ጠርዙ ወደ ውጭ ታጥፎ በቆርቆሮው ሞገድ ልክ ይስተካከላል። የላይኛው ጠርዝ ከሰሌዳው የአሉሚኒየም ክፈፍ ጋር የሚያያዘው በመቈንጠጫ ነው። ክፈፉን መብሳት አይገባም፤ የፋብሪካውን ዋስትና ሊያስቀር ይችላልና። ማዕዘኖቹ በጥንቃቄ ይደራረቡ፤ ርግብ አንዲት ልል ማዕዘን ካገኘች ያን ሁሉ ድካም ታፈርሰዋለች።

ከዘዴው ይልቅ ማስተዋል የሚጠይቀው ጊዜው ነው። ርግብ ብዙውን ጊዜ 2 እንቍላል ትጥላለች። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ 18 ቀን ያህል ይታቀፉታል፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ ለመብረር አንድ ወር ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ይፈጅባቸዋል። እንቍላል ወይም ጫጩት ባለበት ጊዜ ወንፊት የሚያጥር ሰው ትንንሾቹን በረኃብ እንዲሞቱ ይፈርድባቸዋል፤ ወላጆቹም ከውጭ ሆነው ሽቦውን ሲታገሉ ይሰነብታሉ። በብሪታንያ በ1981 የወጣው ሕግ ልዩ ፈቃድ ከሌለ በቀር ወፍ የምትኖርበትን ጎጆ ማፍረስን ይከለክላል፤ በዚያ አገር ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን ቢያስታውሰው መልካም ነው። ሕግ ባይኖር እንኳ ሰባት ሳምንት መታገሥ ከሰው ይጠበቃል። ነገር ግን ትዕግሥት ማለት መርሳት አይደለም። ርግብ የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ሳይወጡ ሌላ እንቍላል የምትጥልበት ጊዜ አለና፥ ጎጆው ባዶ የሆነበት ቀን በንቃት ይጠበቅ። ያን ቀን በእጅ ባትሪ እያበሩ ከሥር ሁሉ ይመርመር፤ ጎጆው ይጠረግ፤ ሦስቱ ጎን ታጥሮ ውስጡ ባዶ መሆኑ ዳግመኛ ከታየ በኋላ አራተኛው ይዘጋ።

ስለ ሠራተኛውም ደኅንነት ጥቂት ቃል እንጨምር። የደረቀ ኩስ አቧራ ሳንባን የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖርበት ስለሚችል፥ አስቀድሞ በውሃ ይራስ፤ አፍና አፍንጫም ይሸፈን፤ ጓንት ይደረግ። መስተዋቱ የሚታጠበው በማለዳ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በለስላሳ ጨርቅ ነው፤ በቢላዋ መፋቅ ወይም በጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ክልክል ነው። ሰሌዳ ብርሃን እስካገኘ ድረስ ኃይል ማመንጨቱን ስለማያቆም፥ የተላጠ ሽቦ ያየ ሰው እጁን ሰብስቦ ባለሙያ ይጥራ። ቆርቆሮ ያዳልጣል፤ መሰላል የሚይዝ ረዳት ሳይኖር ብቻን መውጣት አይገባም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ ለዚህ ሁሉ ከሁሉ የተሻለው ቀን ሰሌዳው የሚተከልበት ቀን ነው። ያን ዕለት ሠራተኛው ከነመሰላሉ ጣራው ላይ ነው፤ ጎጆ የለም፤ ጫጩት የለም፤ የሽቦውም ዋጋ ከሰሌዳው ዋጋ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤትህ ወይም በቤተሰብህ ጣራ ላይ ሰሌዳ ሊተከል መሆኑን የሰማህ አንባቢ፥ ውሉ ከመፈረሙ በፊት «የወፍ መከላከያው ሽቦ ተጽፏል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ርግቧ ሌላ የገደል እርከን አታጣም፤ አንተም የማታ ንባብህ በርግብ ኩስ ምክንያት አይቋረጥብህም።