ለአራሷ የሚቀዳው ጠላ

አራስ ጥየቃ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ገንፎው ቀርቦ፣ ቅቤው መሀሉ ላይ ቀልጦ፣ አንዲት እናት ጣሳውን አንሥተው «ጠጪ ልጄ፣ ጠላ ወተት ያወርዳል» ይላሉ። ከተማ ላይ ጠላውን ጥቁር ቢራ ተክቶታል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። አልኮል ወተት የሚያወርደውን ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ያዳክማልና ሕፃኑ በቀጣዮቹ ሰዓታት የሚያገኘው ወተት ያንሳል።

በእናት ደም ውስጥ ያለው አልኮል በተቀራራቢ መጠን ወተቷም ውስጥ አለ። አልቦ መድፋት አያጠፋውም፤ ከደሟ ሲወጣ ብቻ ነው ከወተቷ የሚወጣው። ለአንድ ጠርሙስ ቢራ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያስፈልጋል። የቤት ጠላና አረቄ ግን የአልኮል መጠናቸው አልተጻፈባቸውም፤ የአንዱ ቤት ድፍድፍ ከጎረቤቱ ይለያል፤ ሰዓት ቆጥሮ ማጥባትም አያስተማምንም።

አንድ ቀን የቀመሰች እናት ማጥባቷን ታቁም እያልን አይደለም። ከጠጣች ግን ሕፃኑን አቅፋ አልጋ ላይ አትተኛ፤ አደጋው የከፋ ነው።

ጠያቂዎች ሆይ፣ ለአራሷ አጥሚት ያዙላት፤ ጠላውን እናንተው ጠጡት።